«ድሃ አገር ሮኬት ምን ያደርግለታል?» ለምትሉን

የፈለጋችሁት ካፌ ቁጭ ብላችሁ የጠፈር ወሬ አንሱ። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ አንዱ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላችኋል። ሌላው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ይጨምርበታል። ሦስተኛው ምንም አይናገርም፤ ይስቃል ብቻ። እኛ ከሦስቱ የምንፈራው የሚስቀውን ነው። ተረት ለጠቀሰ ሰው መልስ ይሰጠዋል፤ ለሳቅ ምን ይመለስለታል?

ዛሬ ከነዚህ ሦስት ሰዎች ጋር ጠብ አለን። (በተቃራኒው ወገን ሳተላይት በተወነጨፈ ቁጥር ባንዲራ ይዘው ከሚዘሉት ጋርም ትንሽ ጠብ አለን። ተራቸውን ይጠብቁ።)

ይኼን ሳቅ ከማንም በላይ የቀመሰችው አገር ህንድ ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ማንጋልያን የተባለችው መንኮራኩሯ ማርስ ምህዋር ውስጥ ገባች። (ከዚህ በኋላ የውጭውን ታሪክ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ከእስያ አገሮች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ያውም በመጀመሪያ ሙከራዋ። ወጪው 74 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ብዙ የሆሊውድ ፊልሞች ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ታዲያ ምን ሆነ? በቀናት ውስጥ ኒውዮርክ ታይምስ አንድ ካርቱን አወጣ። ጥምጥም ያሰረ የህንድ ገበሬ ላሙን እየጎተተ መጥቶ «የምርጦች የጠፈር ክበብ» የሚል የተጻፈበትን በር ያንኳኳል። ውስጥ ሱፍ የለበሱ ሁለት ሰዎች ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንባቢ ተቆጣ፣ ጋዜጣው ይቅርታ ጠየቀ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ። ጋዜጠኝነት ስንማር «ካርቱን ረጅም ጽሑፍ የማይደፍረውን ይናገራል» ተብለን ነበር። ይኼኛው በደንብ ተናግሯል!

ሠዓሊው የማያውቀው የሚመስለን ግን አንድ ነገር አለ። ከብቷንና ሳተላይቷን አንድ ላይ ፎቶ ያነሳችው ራሷ ህንድ ናት። በ1981 አፕል የምትባለውን የመገናኛ ሳተላይት በበሬ ጋሪ ላይ ጭነው አወጧት። መኪና አጥተው አይደለም። የሳተላይቷ አንቴና መፈተሽ ነበረበት፣ የመኪናው ብረት ደግሞ ፍተሻውን ያዛባዋል። ብረት የማይበዛበት፣ በቀላሉ የሚገኝ ነገር ሲፈለግ የእንጨት ጋሪ ተገኘ። በቃ። ድህነት መስሎ የሚታየው ፎቶ የፊዚክስ መልስ ነበር።

አጀማመሩን እንየው። ቱምባ በደቡብ ህንድ ኬረላ ግዛት ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአጠገቧ ስለሚያልፍ የላይኛውን አየር ለማጥናት የተመቸች ሆና ተገኘች። ችግሩ ቦታው ላይ የመቅደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የህንድ የጠፈር ሥራ አባት የሚባለው ቪክራም ሳራብሃይ ጳጳሱን አነጋገረ፣ ጳጳሱ ምእመናኑን ጠየቁ፣ ምእመናኑ ፈቀዱ። ቤተ ክርስቲያኗ ቢሮ ሆነች፤ ዛሬ ሙዚየም ናት። የሮኬት ዕቃ በብስክሌት ተጭኖ ይመጣ ነበር፤ ፎቶው ዛሬም አለ። ኅዳር 21 ቀን 1963 የመጀመሪያው ሮኬት ተተኮሰ።

ልብ በሉ፣ ያ ሮኬት የህንድ አልነበረም። ናይክ አፓቼ የሚባል ከአሜሪካ የተሰጠ ሮኬት ነው። የኛ ባንዲራ ዘላዮች ቢሆኑ ኖሮ እዚያው ላይ ሐውልት አቁመው በዓሉን በየዓመቱ ያከብሩ ነበር። እነዚያ ግን የተሰጣቸውን ተኮሱና የራሳቸውን ለመሥራት ተቀመጡ። በ1967 የራሳቸውን ሮሂኒ 75 አስወነጨፉ። 75 የሚለው ቁጥር ኪሎ ሜትር እንዳይመስላችሁ፤ የሮኬቱ ውፍረት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል! ከሻማ ትንሽ ወፈር ያለች ነገር። እሷንም እየሳቁባት ይሆናል።

ኬረላ የሚለው ስም ለወላጆቻችን እንግዳ አይደለም። በንጉሡም በደርጉም ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱና በየክፍለ ሀገሩ ሂሳብና ፊዚክስ ሲያስተምሩ ከነበሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከዚያው ግዛት የመጡ ናቸው። አባቶቻችን እስከዛሬ እንግሊዝኛቸውን እያስመሰሉ ያስቁናል። እስቲ አስቡት፦ አንዱ የኬረላ ምሩቅ ቱምባ ላይ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ነዳጅ አጭቆ ሲሞክረው፣ የአገሩ ልጅ የሆነው ሌላው ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያንኑ ሕግ በጠመኔ ይጽፈው ነበር። ሕጉ አንድ ነው። መምህሩም ከአንድ ቦታ ነው። እዚያ ሮኬት ሆነ፤ እኛ ዘንድ የማትሪክ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «ዕውቀቱ የለንም» የምትሉ ወዳጆቻችን፣ ዕውቀቱ እቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ደመወዝ ተከፍሎት፣ የቤት ሥራ ሰጥቶን ነው የሄደው።

አሁን ደግሞ ስለ መውደቅ እናውራ። ከሁሉም የምንወደው እዚህ ላይ ነው።

ነሐሴ 10 ቀን 1979 ህንድ ሳተላይት ለማምጠቅ የሠራችው የመጀመሪያ ሮኬት ተነሳ። ኤስኤልቪ 3 ይባላል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ችግር ተፈጠረና ከአምስት ደቂቃ ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ሮኬቱም ሳተላይቱም ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ገቡ። የፕሮጀክቱ መሪ ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብዱል ካላም ነበሩ። ካላም ደጋግመው እንዳወሩት፣ በዚያ ቀን ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ኃላፊነቱን የወሰዱት የድርጅቱ የበላይ ሳቲሽ ዳዋን ናቸው። በሐምሌ 1980 ያው ዓይነት ሮኬት ተሳክቶለት 35 ኪሎ የምትመዝን ሳተላይት ምህዋር ላይ ሲያስቀምጥ ግን ዳዋን ካላምን «መግለጫውን አንተ ስጥ» አሏቸው። እንግዲህ እኛ በሙያችን ስንት መግለጫ ላይ ቁጭ ብለናል፤ ሲሳካ አለቃ፣ ሲከሽፍ ባለሙያ የሚቀርብበት መግለጫ ነው የምናውቀው። ዳዋን ዓይነቱን እስካሁን አላየንም።

ሁለተኛው ውድቀት ረጅም ነው። ከባድ ሳተላይት ወደ ላይ ለማውጣት ክራዮጂኒክ የሚባል ሞተር ያስፈልጋል። ነዳጁ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ነው፣ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ የሚቀመጥ፤ ማቃጠያው ፈሳሽ ኦክስጅን ነው፣ ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ። ከነዚህ አጠገብ ደግሞ በሺዎች ዲግሪ የሚነድ እሳት አለ። ይኼን ሁሉ አንድ ሞተር ውስጥ አስማምቶ ማኖር ነው ጣጣው። ህንድ ከሩሲያ ለመግዛት ተዋዋለች፤ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ጭምር። አሜሪካ «ለሚሳኤል ይውላል» ብላ በ1992 ማዕቀብ ጣለች። በ1993 ሩሲያ አፈገፈገች፦ ሰባት የተዘጋጁ ሞተሮች እንካችሁ፣ አሠራሩ ግን የለም።

ሰባት ሞተር ብዙ ነው። ሰባቴ ባንዲራ ያስውለበልባል። እዚህ አገር ቢሆን ስንት የምረቃ ሥነ ሥርዓት ይወጣው እንደነበር አስቡት። ህንዶቹ ግን ሞተሮቹን እየተጠቀሙ ጎን ለጎን የራሳቸውን መሥራት ጀመሩ። በዚሁ መሐል፣ በ1994፣ በሞተሩ ሥራ ላይ የነበረው ናምቢ ናራያናን በስለላ ተወንጅሎ ታሰረ። ክሱ ሐሰት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ሚሊዮን ሩፒ ካሣ እንዲከፈለው የወሰነው በ2018 ነው። (ይኼ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ምሁሩን ራሱ የሚበላ መንግሥት የኛ ብቻ አለመሆኑን ስናይ አንጽናና ወይስ እንዘን፣ አልገባንም።) በሚያዝያ 2010 የራሳቸው ሞተር ተሞከረ፤ ወደቀ። ጥር 5 ቀን 2014 ሠራ። ሃያ ዓመት! በ2023 ቻንድራያን 3ን ተሸክሞ የሄደው ሮኬት ጫፍ ላይ የነበረው ሌላ ትልቅ ክራዮጂኒክ ሞተር ነው፤ እሱም የራሳቸው። በነሐሴ 23 መንኮራኩሯ በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አካባቢ ስታርፍ የተጨበጨበው ጭብጨባ ሥሩ እዚያ የሃያ ዓመት ትዕግሥት ውስጥ ነው።

«እሺ፣ ዳቦውስ?» ትላላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። እኛም ዳቦ እንበላለን፣ ያውም ዋጋው ሲጨምር መጠኑ የሚቀንሰውን።

በጥቅምት 1999 ኦዲሻ የተባለውን የህንድ ግዛት ከባድ አውሎ ነፋስ መታው። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። በጥቅምት 2013 ፋይሊን የተባለ ሌላ ከባድ አውሎ ነፋስ ወደዚያው የባሕር ዳርቻ መጣ። በዚህኛው የሟቾቹ ቁጥር ሃምሳ እንኳ አልደረሰም። ምክንያቱም ነፋሱ ከመድረሱ በፊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ከአካባቢው ወጥቷል። ሳተላይት ብቻውን አዳናቸው አንልም፤ መጠለያ ተሠርቷል፣ ራዳር ተተክሏል፣ የየመንደሩ ሰው ሠልጥኗል። ነገር ግን ነፋሱ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ከላይ የሚያይ ዓይን ባይኖር ማን ማንን «ውጣ» ይላል? ከዚህ በላይ ዳቦ ምን አለ? የጠፈር በጀታቸው ደግሞ በ2024 ከመንግሥታቸው ጠቅላላ በጀት ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ያን ገንዘብ አጥፈን ስንዴ እንግዛበት ብንል ስንት ቀን ነው የሚያበላው?

እስከዚህ ከህንድ ጋር ነን። አሁን ግን ሰው የሚጭነው መንኮራኩር ጋ ደረስን፤ እዚህ ላይ እኛም ተከፋፍለናል። (የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ማለታችን ነው፤ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቆ ነበር።)

እስካሁን በራሳቸው ሮኬት ሰው ወደ ምህዋር የላኩት ሦስት አገሮች ብቻ ናቸው፦ በ1961 ሶቭየት ኅብረት፣ በ1962 አሜሪካ፣ በ2003 ቻይና። አራተኛ ለመሆን ህንድ ተነስታለች። ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ነሐሴ 15 ቀን 2018፣ በነጻነት በዓሉ ንግግራቸው፣ «እስከ 2022 የህንድ ልጅ ወደ ጠፈር ይሄዳል» አሉ። ለምን 2022? የሞተሩ ዝግጅት ስለሚያልቅ ነው? አይደለም። የነጻነቱ 75ኛ ዓመት ስለሆነ ነው። ከቀን መቁጠሪያ ላይ የተነሳ የምህንድስና ዕቅድ! ይቺን ነገር እኛ አገር በደንብ እናውቃታለን። 2022 አለፈ። 2024 አለፈ። በ2025 ኃላፊዎቹ ቀጠሮውን ወደ 2027 ገፉት። ፕሮጀክቱ ሲጸድቅ ወደ 10 ሺህ ክሮር ሩፒ የነበረው በጀት በ2024 ወደ 20 ሺህ ክሮር ከፍ ብሏል። (አንድ ክሮር አሥር ሚሊዮን ነው፤ እናንተው አባዙት።)

መዘግየቱን አንነቅፍም፤ እንዲያውም እናወድሰዋለን። ሰው የሚጭን ሮኬት ቢከሽፍ እንደ 1979ኙ «ባሕር ገባ» ተብሎ አይታለፍም። አደጋ ሲመጣ ሰዎቹን ከሮኬቱ ገንጥሎ የሚያመልጥ ክፍል ያስፈልጋል፤ ይኼን በጥቅምት 2023 ያለ ሰው ሞክረውታል። በዚያ ቀን የመነሻው ቆጠራ አምስት ሰከንድ ሲቀረው ኮምፒዩተሩ አቆመው። ምክንያቱን አገኙ፣ አስተካከሉ፣ በዚያው ጠዋት አስወነጨፉት። ፓራሹቱ፣ አየሩ፣ ሙቀቱ፣ ሁሉም በየተራ መፈተሽ አለበት። በበዓል ቀን ላይ የተመሠረተው ቀጠሮ መፍረሱ ለኛ መልካም ዜና ነው። የሰው ነፍስ ከንግግር ትበልጣለች።

የሚከፋን ሌላ ነው። ሰው ወደ ጠፈር ሲሄድ ካሜራው ሁሉ ወደ ሰውየው ይዞራል። በሰኔ 2025 ሹባንሹ ሹክላ በአሜሪካ ሮኬት ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄደ፤ ለመቀመጫውና ለሥልጠናው ህንድ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደከፈለች ተዘግቧል። ከማርሷ መንኮራኩር ጠቅላላ ወጪ ብዙም የማይርቅ ነው፣ ለአንድ ሰው! ልምዱ ለቀጣዩ ሥራ ይጠቅማል ይላሉ፤ ይጠቅም ይሆናል። ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 18 ቀን 2025፣ ለሠላሳ ዓመት የተመኩበት ፒኤስኤልቪ የተባለው ሮኬት ሦስተኛው ክፍል ላይ ከሽፎ ሳተላይቱ ጠፍቶ ነበር። የምርመራው ውጤት ግን ወራት አልፎም ለሕዝብ አልወጣም። የዳዋን ድርጅት ነው እንዲህ የሆነው! ጠፈርተኛው ሲመለስ ለመግለጫ የተሰለፈው ሰው ብዛት ሌላ፣ የወደቀው ሮኬት ጋ የቆመው ሰው ብዛት ሌላ። ባንዲራው እየደመቀ ሲሄድ ደብተሩ እየተዘጋ ይሄዳል ብለን የምንሰጋው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ባንዲራ ዘላዮች፣ ተራችሁ ደርሷል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ በቻይና ሮኬት ተወነጨፈች። እንደተዘገበው ከ8 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በሥራው ተካፍለዋል፤ መቆጣጠሪያው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነው። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋ ሄደች፤ እሷም በቻይና ሮኬት። ያን ጠዋት ደስ ብሎን ነበር፤ አንዋሽም። መጥፎ ጅምርም አይደለም። ቱምባም በሰው ሮኬት ነው የጀመረችው ብለናል። ነገሩ ግን አራት ዓመት ቆይቶ ሮሂኒ 75 መጥታለች። የኛዋ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል የት ናት?

«ሰው ወደ ጠፈር እንላክ» የሚል ካለ እኛ የለንበትም። ሳታላግጡ ስሙን፤ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ሰባ በመቶው ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ይሁን ተብሎ ከተወሰነ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል። በየዓመቱ የሚመረቀው መካኒካል ኢንጂነር ስንቱ ነው በእጁ ሞተር ፈቶ የገጠመው? ጓደኞቻችን ናቸው፤ ቲዎሪውን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል። ከዚያ አንዱ ባንክ ገንዘብ ይቆጥራል፣ አንዱ ራይድ ይነዳል። ለነዚህ ልጆች ግድግዳው የወፈረ አንድ ወርክሾፕ፣ ሰው የማይኖርበት አንድ ሜዳ፣ ለመክሸፍ ፈቃድ ያለው አንድ በጀት ስጧቸው። የመጀመሪያዋ ትፈነዳለች። ሁለተኛዋም። ለምን እንደፈነዳች የሚያስረዳው ወረቀት ይታተም፤ እሱን እኛ እንደ ሰበር ዜና እናወጣዋለን።

የካፌው ሳቂታ ወዳጃችን ያን ጊዜም ይስቃል። ይሳቅ። በ1964 ዛምቢያ ውስጥ ኤድዋርድ ምኩካ ንኮሎሶ የሚባል መምህር ሠልጣኞቹን በነዳጅ በርሜል ከኮረብታ እያንከባለለ «ወደ ጨረቃ እንሄዳለን» ሲል የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ሄዶ ስቆ ተመልሷል። የሙያ አባቶቻችን ማለት ነው። አንዳቸውም ግን እነዚያን ወጣቶች «ምን መማር ትፈልጋላችሁ?» ብለው መጠየቃቸውን አላነበብንም።

የኛ ሙያ ሰዎችም ሳተላይቷ የተወነጨፈች ዕለት «ምን ተሰማዎት?» ብለን ጠይቀን ተመልሰናል። ስለዚህ ያልተጠየቁትን እዚህ እንጠይቅ። በመጀመሪያዋ ሳተላይት ላይ የሠሩት መሐንዲሶች ዛሬ ስንቶቹ በሥራው ላይ ናቸው? ሁለት ዓመት እንድታገለግል ታቅዶ የነበረችው ሳተላይት ያነሳቻቸውን ምስሎች የትኛው ወረዳ፣ የትኛው የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለየትኛው ውሳኔ ተጠቀመባቸው? የተበላሸ ነገር ከነበረ ምን ነበር፣ ማንስ ጠገነው? ከቀጣዩ ሥራ ስንት እጁ እዚህ ይሠራል? ከመሥሪያ ቤቱ ሆናችሁ ይኼን የምታነቡ እንዳላችሁ እናውቃለን። ጻፉልን፤ አንድ ቃል ሳንቆርጥ እናወጣዋለን። የከሸፈውን ከጻፋችሁልን ደግሞ ከላይ እናደርገዋለን።